የአጃ ስታውት፦ በአዲስ ኦክ ወይስ ቡርቦን በነበረበት በርሜል?

የአጃ ስታውት፣ ማለትም አጃ ተጨምሮበት የሚጠመቅ ጥቁር ቢራ፣ የሚወደደው በልስላሴው ነው። በአጃ ውስጥ ያለው ቤታ ግሉካን የተባለ ቃጫ ቢራውን ወፈር ያደርገዋል፤ ምላስ ላይም እንደ ሐር ይሰማል። ስለዚህ በኦክ እንጨት በርሜል የቆየ ሲቀርብልኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ አንድ ነው፤ እንጨቱ ይህን ልስላሴ ጠበቀው ወይስ ሰበረው?

አዲስ በርሜል የእንጨቱን ባሕርይ በቀጥታ ይሰጣል፦ ቫኒላ፣ የኮኮናት ሽታ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ታኒን። ታኒን እንደ ከረረ ሻይ አፍን ያደርቃል። በስታውቱ ውስጥ ያለው የተቆላ ገብስ ራሱ መራራ ስለሆነ ሁለቱ ሲደራረቡ አጃው ይሸነፋል። ቢራው ከልክ በላይ ከቆየ እንጨት የመላስ ያህል ነው፤ ይህን ስህተት ይቅር ማለት ይከብደኛል።

ቡርቦን የተባለው የአሜሪካ ውስኪ የነበረበት በርሜል ሌላ ነው። በአሜሪካ ሕግ ቡርቦን የሚያርፈው ውስጡ በእሳት በከሰለ አዲስ የኦክ ዕቃ ስለሆነ፣ ያገለገለው በርሜል ለቢራ ጠማቂዎች ይተርፋል። ውስኪው ብዙውን ታኒን አስቀድሞ ወስዶለታል፤ የቀረው ካራሜል፣ ቫኒላና የአልኮል ሙቀት ነው። አደጋውም ይኸው ሙቀት ነው፦ 5 በመቶ አካባቢ አልኮል ያለው ስታውት በውስኪው ሊዋጥ ይችላል። ጠንከር ላለው ግን ያለ ማመንታት ይህን እመርጣለሁ።

ከማቀዝቀዣ እንዳወጡት አይፍረዱ። 12 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ እስኪደርስ ይጠብቁ፤ ቅዝቃዜ ሽታውን ይደብቃል። ከዋጡ በኋላ አፍ ውስጥ የሚቀረውን ያስተውሉ፤ ቡናና ቸኮሌት የሚመስለው የብቅል ጣዕም ከእንጨቱ ኋላ ከተመለሰ፣ ጠማቂው በርሜሉን በጊዜው ከፍቶታል።