አሮጌ ሳምፕለር ሲገዙ፦ ከድምፁ በፊት ማከማቻውን ያወዳድሩ

ጎንደር ውስጥ ማሲንቆ፣ ክራርና ዋሽንት እየቀረጹ ለሚያቀናብሩ ሰዎች አሮጌ ሳምፕለር፣ ማለትም ድምፅ ቀርጾ በቁልፍ ሲነኩት መልሶ የሚያጫውት ማሽን፣ መልካም መሣሪያ ነው። ገዢዎች ግን የሚጠይቁት ስለ ድምፁ ነው፤ መሣሪያው ሥራቸውን የት እንደሚያስቀምጥ የሚጠይቁ ጥቂቶች ናቸው። እነዚህ ማሽኖች የቀረጹትን ይዘው የሚቆዩት ኃይል እስካላቸው ድረስ ነው። ወደ ዲስክ ያልተላለፈ ሥራ መብራት በሄደበት ቅጽበት ይጠፋል፤ የመብራትን ነገር ደግሞ ፒያሳም አዘዞም ያለ ሰው ያውቀዋል።

ሁለት የአካይ ሳምፕለሮችን ላነጻጽር። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው ኤስ1000 ፍሎፒ ላይ (በማሽኑ ውስጥ በሚገባው ትንሽ ተነቃይ ዲስክ ላይ) የሚጽፈው በራሱ ሥርዓት ነው። ዲስኩን በ1024 ባይት እየከፈለ እስከ 1.6 ሜጋባይት ይጭንበታል። በዩኤስቢ የሚሰካው የተለመደ የፍሎፒ ማንበቢያ ይህን አያነበውም። ሁለተኛው፣ ኤምፒሲ 2000 ኤክስኤል፣ ግን ኮምፒውተር በሚያነበው የዶስ ሥርዓት ይጽፋል፤ የተለመደውን የኮምፒውተር ድምፅ ፋይል፣ ዌቭን፣ በቀጥታ ይቀበላል። ላፕቶፕ ላይ ያጠሩትን የማሲንቆ ድምፅ ያለ መቀየሪያ ፕሮግራም ይጭኑበታል። ለእኔ ምርጫውን የሚወስነው ይህ ነው። የኤስ1000ን ድምፅ ከልቡ የሚወድ ይግዛው፤ ግን በኮምፒውተሩና በማሽኑ መካከል ሁልጊዜ መቀየሪያ ፕሮግራም እንደሚያስፈልገው ዐውቆ ይግባበት።

ፍሎፒው ራሱ ጠባብ ነው። በ44.1 ኪሎኸርዝና በ16 ቢት ከተቀረጸ፣ 1.44 ሜጋባይት የሚይዘው 16 ሰከንድ ገደማ ሞኖ ድምፅ ነው፤ በስቴሪዮ ግማሹን። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2011 በጃፓን ፍሎፒ መሸጥ አቁሟል። እንደ አካይ ኤስ900 እና ኢሙ ኤስፒ-1200 ያሉት ደግሞ ዲዲ የሚባለውን አነስተኛ መጠን የሚይዝ ፍሎፒ ይፈልጋሉ። የኤችዲ (የ1.44 ሜጋባይቱን) ዲስክ ቀዳዳ በፕላስተር ሸፍኖ መጠቀምን አልመክርም፤ መግነጢሳዊ ሽፋኑ የተለየ ስለሆነ ዛሬ የተጻፈው ነገ ላይነበብ ይችላል።

መፍትሔው ጎቴክ ነው። በፍሎፒ ማንበቢያው ቦታ ይገባና በርካታ ዲስኮችን በአንድ ፍላሽ ላይ ይይዛል። ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው ፕሮግራም ግን ለአካይ ሥርዓት አይሆንም፤ ፍላሽፍሎፒ የተባለው ነጻ ፕሮግራም እንዲጫንበት ያድርጉ። ከዚያ በኋላም እያንዳንዱ ዲስክ ያው በፍሎፒ መጠን ይቀራል። ስለዚህ ማሽኑ ስካዚ የሚባለው የሃርድ ዲስክ መሰኪያ ካለው ዙሉስካዚ ወይም ብሉስካዚ የተሻለ ነው፤ ኤስዲ ካርድን እንደ ሃርድ ዲስክ ያሳየዋል። ኤስ1000 ላይ ስካዚ በተጨማሪ ካርድ የሚመጣ ስለሆነ በፎቶ ጀርባውን ሳያዩ ገንዘብ አይላኩ።

ቦስ ኤስፒ-303ን እተወዋለሁ፤ የሚጠቀምበት ስማርትሚዲያ ካርድ ከገበያ ከወጣ ቆይቷል። በማከማቻ በኩል ራስ ምታት የማይፈልግ ኮምፓክትፍላሽ የሚወስደውን ኤምፒሲ 1000 ወይም ኤስዲ ካርድ የሚወስደውን ኤስፒ-404 ኤስኤክስ ይግዛ።

ከጃፓን የመጣ ማሽን ለ100 ቮልት የተሠራ ሊሆን ስለሚችል ከእኛ 220 ጋር ከማገናኘትዎ በፊት የጀርባ ጽሑፉን ያንብቡ። ከመክፈልዎ በፊትም ሻጩ አንድ ድምፅ ቀርጾ፣ ዲስክ ላይ አስቀምጦ፣ ማሽኑን አጥፍቶና መልሶ አብርቶ ያንኑ ድምፅ ሲጭን በቪዲዮ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ።