ምንጣፍ እጥበት ለምትጀምሩ፦ ከሚረጨው በፊት የሚስበውን ማሽን ግዙ

ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም የሶፋና ምንጣፍ እጥበት የሚጀምሩ ልጆች እየበዙ ነው። ደስ ይላል፣ ሥራው አለና። ሆቴሉ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ ቢሮው፣ ልጁን የሚድር ቤት ሁሉ ምንጣፍ አለው። የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ታዲያ አንድ ነገር ነው፤ «የትኛውን ማሽን ልግዛ?» ይላል። እኔ የምሠራው ደብረ ማርቆስ ነው። ወደ ፍኖተ ሰላም፣ እንጅባራና ባሕር ዳርም እወጣለሁ። በእጄ ስለሠራሁባቸው ማሽኖች የማውቀውን ልጻፍላችሁ። የማንም ሱቅ ማስታወቂያ አይደለም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ቆሻሻ ከምንጣፍ የሚወጣው ከውሃው ጋር ነው። ውሃው ውስጥ ከቀረ ቆሻሻውም እዚያው ነው፣ ሳሙናውም እዚያው ነው፣ ሽታውም በሦስተኛው ቀን ይመጣል። ማሽን ስትመርጡ «ምን ያህል ይረጫል?» ከማለት በፊት «ምን ያህል ይስባል?» በሉ።

ብዙ ሰው የሚጀምረው ውሃ በኃይል በሚረጨው ማሽን፣ በፕሬዠር ዋሸር ነው። ላቫጆ ሁሉ አለው፣ በየከተማው ይሸጣል፣ የሚጠግነውም አይጠፋም። ጭቃው ተገፍቶ ሲወርድ ስታዩት ደግሞ ልብ ይሞላል። ማሽኑ መጥፎ አይደለም። ዘንበል ያለ የሲሚንቶ ወለል፣ በቂ ውሃና የበጋ ፀሐይ ካላችሁ በጭቃ የተለወሰን ምንጣፍ ለማጠብ እሱን የሚያክል ነገር የለም። ግን ሶፋ ላይ አይሠራም፣ ወለል ላይ የተለጠፈ ምንጣፍ ላይ አይሠራም፣ ሰው ሳሎን ውስጥ ጭራሽ አይታሰብም። የቤት ውስጦቹ ትናንሾቹ እንኳ በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሊትር ውሃ ይጠጣሉ። 3 በ4 የሆነ አንድ ምንጣፍ ለግማሽ ሰዓት ብታጥቡ 10 ጀሪካን አለቀ ማለት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን አስቡት። ደግሞ ዛሬ በየቤቱ ያለው የፋብሪካ ምንጣፍ ክሩ ከጀርባው በሙጫ የተያዘ ነው። ቀጭኑን ኖዝል፣ ማለትም ውሃው የሚወጣበትን ጫፍ፣ አስጠግታችሁ ከ100 ባር በላይ ግፊት ከለቀቃችሁበት ሙጫው ይለቃል፣ ጀርባው ይላላጣል፣ ከዚያ በኋላ የሚመልሰው ነገር የለም። የግድ ከሆነ ውሃውን ዘርግቶ የሚረጨውን ሰፊ ኖዝል ግጠሙ፣ ከምንጣፉም ራቅ አድርጋችሁ ያዙት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እየረጨ ወዲያው የሚስበው ማሽን፣ ኤክስትራክተር የሚባለው። ደንበኛ «በስቲም ነው የምታጥቡት?» ብሎ ሲጠይቅ በልቡ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ይሄ ነው፤ እንፋሎት ግን አይደለም፣ ሳሙና የተበጠበጠበት ለብ ያለ ውሃ ነው። እኔ የምሠራው ካርቸር በሚባለው የጀርመን ፋብሪካ ማሽን፣ በፑዚ 10/1 ነው። ንጹሕ ውሃ 10 ሊትር ይይዛል፣ ቆሻሻውን ለብቻው በሌላ ታንከር ያጠራቅማል። የሚስበው ሞተር 1250 ዋት ነው፣ የሚረጨው ፓምፕ 40 ዋት ብቻ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ተመልከቷቸው፤ ፋብሪካው ራሱ ጉልበቱን ሁሉ የሰጠው ለመሳቡ ነው። በደቂቃ የሚረጨው 1 ሊትር ነው። ያንኑ 3 በ4 ምንጣፍ ሁለት ጀሪካን በማይሞላ ውሃ ትጨርሱታላችሁ። ፋብሪካው በሰዓት ከ20 እስከ 25 ካሬ ሜትር ይሠራል ይላል፣ ብዙ ላልቆሸሸ ምንጣፍ እውነት ነው። ጧፍ ለተንጠባጠበበት የቤተ ክርስቲያን ምንጣፍ ግን ግማሹን ያዙ።

የምወድለት ነገር ክብደቱ ነው። ወደ 11 ኪሎ ስለሚሆን አንድ ሰው ይዞት ሦስተኛ ፎቅ ይወጣል፣ ባጃጅ ውስጥም ይገባል። መኪና የሌለው ጀማሪ ይህን እንደ ትንሽ ነገር አይየው። የሶፋ እጀታም አብሮት አለው። የማልወድለት ታንከሩ ትንሽ መሆኑን ነው። ትልቅ አዳራሽ ውስጥ በየ10 ደቂቃው መሙላትና መድፋት ነው፣ አንድ ረዳት ይፈልጋል። ብሩሽም የለውም፤ ክሩ የተጣበቀ ምንጣፍ አስቀድማችሁ በእጅ ብሩሽ ካላሻችሁት ማሽኑ ከላይ ከላይ ብቻ ይስባል።

ስትገዙ ቀለሙን እዩ። የካርቸር የባለሙያ ዕቃዎች ጥቁር ግራጫ ናቸው፣ የቤት ውስጦቹ ቢጫ። ቢጫው ማሽን ለአንድ ቤት ጥሩ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ግን አይሠራበትም፣ ለዚያ አልተሠራምና። ሻጩ «ያው ነው፣ ሁለቱም ጀርመን ነው» ቢላችሁ አትቀበሉ።

ሦስተኛው አማራጭ በርሜል የሚመስለው፣ ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት ሞተር የቻይና ማሽን ነው። በአንዱ ማሽን ደረቅም እርጥብም ይስባል፣ አንዳንዱ አረፋም ይረጫል። ዋጋው ከፑዚው በብዙ ይወርዳል። ታንከሩ ትልቅ ስለሆነ ለአዳራሽ እኔም እጠቀምበታለሁ፤ አንዱ ሰው ይረጫል፣ ሌላው በዚህ ይስባል፣ ሥራው ይፈጥናል። ግን ጥራቱ እንደ ዕድል ነው። የኔው ማብሪያው ብዙም ሳይቆይ ተቃጠለ፣ ገዝቼ አስቀየርኩት፣ ሞተሩ ግን እስካሁን ይሠራል። የተጻፈውን ዋት አትመኑት። ሱቁ ውስጥ ፎጣ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ በማሽኑ ውሃውን ሳቡት፣ ከዚያ ፎጣውን ጨምቁት። ሦስት ማሽን በተራ እንዲህ ብታደርጉ ልዩነቱ በእጃችሁ ላይ ይታያል። ውሃ ይዞ መምጣትን የሚከለክል ባለ ሱቅ ከሆነ ወደሚቀጥለው ሱቅ ሂዱ።

ይህን የምለው ለምን መሰላችሁ፣ እዚህ ከፍታው አለ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ናት፣ ባሕር ዳር 1,800 ገደማ። አየሩ ሲሳሳ የማንኛውም ቫኪዩም ጉልበት አብሮ ይቀንሳል። ደብረ ማርቆስ ላይ ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ሩብ ያህሉን ቀንሱ፣ ባሕር ዳር ላይ አምስተኛውን። ቆላ ላይ «ይበቃል» የተባለ ደካማ ማሽን እዚህ አይበቃም። ስለዚህ የመሳብ አቅም ላይ አትቆጥቡ፣ ሌላው ላይ ቆጥቡ።

ጄኔሬተርም እንደዚያው ነው። የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ተኩል ያህል ጉልበት ያጣል። 3 ኪሎ ዋት የተጻፈበት እኛ ዘንድ ሲደርስ 2.2 ቢሰጥ ነው። ፑዚውንና አንድ ማድረቂያ ፋን ይሸከማል፣ ላዩ ላይ የውሃ ማፍያ ከጨመራችሁ ግን ይታነቃል። መብራት ሲጠፋ ሥራ ጥላችሁ መውጣት ካልፈለጋችሁ ጄኔሬተር ያስፈልጋል፣ በመጀመሪያው ወር ግን ተከራዩ እንጂ አትግዙ።

አሜሪካ ያለ ዘመድ ማሽን ሊልክልኝ ነው የምትሉ ደግሞ አላችሁ። እባካችሁ ከመላኩ በፊት የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። የእነሱ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ሶኬቱ ላይ እንደሰካችሁት ይቃጠላል። ትራንስፎርመር አለ፣ ግን ለዚህ ሞተር የሚበቃው ራሱ ከባድ ነው፣ ተሸክሞ ከቤት ቤት መዞር አይቻልም። ከአውሮፓ የመጣ እንዳለ ይሠራል። ሽቦም አደራ። ቀጭን ማራዘሚያ እየጋለ ሞተሩን ይጎዳል፣ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ግራውንድ ያለው አሠሩ። እጃችሁ እርጥብ ነው፣ እግራችሁም እርጥብ ነው፣ ይህ የነፍስ ጉዳይ ነው።

ማድረቂያው ላይ ብዙ ጀማሪ አያስብም፣ ደንበኛው ግን የሚያስበው እሱን ነው። የሆቴል ባለቤቷ «ልጄ፣ ነገ እንግዳ አለብኝ፣ ይደርሳል?» ትላለች እንጂ የማሽኑን ስም አትጠይቅም። ከሰኔ እስከ መስከረም እኛ አገር ፀሐይ አይታመንም፣ እንጅባራ አካባቢ ደግሞ ክረምቱ የባሰ ነው። ደህና ተደርጎ የተሳበ ምንጣፍ፣ ወለል ላይ ዝቅ ብሎ የሚነፍስ ፋን ከተደረገለት አድሮ ይደርቃል፤ «እትዬ፣ ነገ ጠዋት ይረገጣል» ብሎ በድፍረት መናገር የሚቻለው ያኔ ነው። ያልተሳበው በሐምሌ ሦስት ቀን ይተኛል፣ ይሸታል፣ ደንበኛውም አይመለስም። ሁለት ፋን ይኑራችሁ። እርጥብ ምንጣፍ አጥር ላይ አትስቀሉ፣ በራሱ ክብደት ይለጠጣል። ምንጣፍ እያሽከረከረ የሚጨምቀውን ረጅሙን ማሽን የምትመኙ አላችሁ፤ ጥሩ ነው፣ ግን ብዙዎቹ ሦስት ፌዝ መብራት ይፈልጋሉ፣ ቦታም ይፈልጋሉ። እሱ ሥራው ሲሰፋ የሚታሰብ ነው።

ገንዘቡ ካልበቃ በመጀመሪያ ደረቅ አቧራ የሚስብ ጠንካራ ቫኪዩም፣ ቀጥሎ ኤክስትራክተሩን፣ ከዚያ ፋኑን። ፕሬዠር ዋሸሩ በመጨረሻ። ደረቁን ቫኪዩም አትዝለሉት፤ ከምንጣፍ የሚወጣው አብዛኛው ነገር አቧራና አሸዋ ነው፣ እሱን ሳታወጡ ውሃ ከጨመራችሁ ጭቃ አቦካችሁ። ዋጋ ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል፣ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ያሳስታችኋል። ባሕር ዳርም አዲስ አበባም ደውላችሁ አወዳድሩ፣ የትራንስፖርቱን ደምሩበት።

ሳሙናን በሚመለከት አጭር ነገር ልበል። ላርጎና የልብስ ዱቄት ሳሙና ኤክስትራክተር ውስጥ አይገባም። አረፋው ወደ ሞተሩ ይወጣል፣ ምንጣፉ ላይ የቀረው ደግሞ ስለሚያጣብቅ በሳምንቱ አቧራ ይዞ ይጠቁራል። አረፋው ትንሽ የሆነ የማሽን ሳሙና ግዙ። ባለቤቲቱ ቀድማ በኦሞ አሽታው ከሆነ አረፋ ማጥፊያ ወይም ትንሽ አቼቶ ቆሻሻ ውሃው ታንከር ውስጥ ጨምሩ። በረኪና ሱፍ ላይ በጭራሽ! ባናም ይሁን የሱፍ ምንጣፍ፣ በረኪና ሱፉን ያሟሟዋል። ቀለም ይለቅ እንደሆነ በነጭ ጨርቅ ጥግ ላይ ሳትሞክሩ ምንም አትጀምሩ።

እኛ አገር ያለው እድፍ ደግሞ የራሱ ነው፣ ስለዚህ ከማሽኑ ጋር አንድ ትንሽ ቦርሳ ያዙ። የጧፍ ሰም ውሃ አይነካውም፤ ወረቀት አንጥፋችሁ ለብ ባለ ካውያ ስትጫኑት ወረቀቱ ይጠጣዋል። ካውያው ከጋለ ግን የፕላስቲኩ ክር ይቀልጣል፣ ተጠንቀቁ። የቄጤማ አረንጓዴ በአልኮልና በጥጥ ይለቃል። የወጥ ዘይት መጀመሪያ በሳሙና ተነክሮ ይቆይ። ከረከቦቱ ሥር ከሰል ወድቆ ያቃጠለው ቦታ ግን አይታጠብም፣ ክሩ ቀልጧልና። ሥራ ሳትጀምሩ ፎቶ አንሱት፣ ለባለቤቱም አሳዩት፤ አለዚያ «እናንተ ናችሁ ያቃጠላችሁት» ይመጣል።

ያገለገለ ማሽን ካገኛችሁ አትፍሩ፣ ግን ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጃችሁ ዳብሱ፣ ትንሽ ስንጥቅ ካለ አይስብም። የታንከሩን ክዳን ጎማ እዩ። ሲሠራ የእሳት ፍንጣሪ ከታየ ወይም የተቃጠለ ከሸተተ ለሞተሩ መብራት የሚያስተላልፈው ካርቦን አልቋል ማለት ነው፣ ካርቦን ይቀየራል፣ ዋጋውን አስቀንሱበት። ፓምፑ ካልረጨ መጀመሪያ ኖዝሉን አውጥታችሁ በአቼቶ ዘፍዝፉት፣ ብዙ ጊዜ የደፈነው የሳሙና ዝቃጭ ነው። መለዋወጫውን ከተማችሁ ውስጥ ማን እንደሚያስመጣ፣ ሞተር የሚጠቀልለው ሰው የት እንዳለ ከግዢው በፊት ጠይቁ። የሠርግ ሰሞን ቱቦ ተቀዶባችሁ አዲስ አበባ እስኪላክ መጠበቅ በጣም ከባድ ነው፤ አንድ ትርፍ ቱቦና ሁለት ኖዝል ከማሽኑ ጋር አብራችሁ ግዙ።