መናገሻ ሱባ በነሐሴ ጉም፦ የአንድ አስጎብኚ ድርጅት የቤተሰብ ጉዞ

በነሐሴ ሁለተኛ ሳምንት ቅዳሜ፣ አንድ የአዲስ አበባ አስጎብኚ ድርጅት ለቤተሰብ ባዘጋጀው የእግር ጉዞ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ወደ መናገሻ ሱባ ደን ሄደን ነበር። ክረምት መሆኑን አውቀን ስለተመዘገብን ዝናቡን በድርጅቱ አላሳብብም፤ የምመዝነው በዝናቡ ውስጥ እንዴት እንደያዙን ነው።

ደኑ ከመዲናዋ በስተምዕራብ በወጨጫ ተራራ ተዳፋት ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ የጥዱን ዘር በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከሰሜን ሸዋው የወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው እንዳስዘሩት ይነገራል። የተራራው ጫፍ ከ3,300 ሜትር በላይ በመሆኑ፣ ከተማው ውስጥ የሚያካፋው እዚያ ቅዝቃዜ ያዘለ ጉም ሆኖ ይጠብቃል። እኛ በሄድንበት ቀን ከአሥር እርምጃ ወዲያ ያለው ሰው አይታይም ነበር።

የተመደበልን መሪ የአካባቢው ተወላጅ ሲሆን፣ ትንሿን ልጄን ከኋላው፣ እኔን ከሰልፉ መጨረሻ አድርጎ በየመታጠፊያው ይቆጥረን ነበር። አንድ ዝግባ ሥር ነፋስ ሳይኖር ውኃ ከላይ ሲወርድብን በእጁ አስቆመን፤ ቀና ስንል ከጉሙ ውስጥ የጉሬዛ ነጭ ጭራ ብቻ ተንጠልጥሎ አየን። ልጆቹ ስለዚያ ጭራ እስካሁን ያወራሉ።

አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ከሚጀምርበት ከፍ ብለን ስንደርስ፣ መሪው የአሥር ዓመቱን ልጄን የጃኬቱን ቁልፍ ራሱ እንዲቆልፍ አዘዘው። የልጁ ጣቶች በብርድ ደንዝዘው እንቢ ሲሉት፣ «ጫፉ ቢቀርብም ከዚህ በላይ አልወስዳችሁም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብሎ መለሰን። በወቅቱ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ልጁ የለበሰው የጥጥ ሹራብ ከውስጥ ድረስ ርሶ ሰውነቱ ላይ መጣበቁን ያየሁት ግን መኪናው ውስጥ ሳወልቅለት ነው።

ድርጅቱ ራሱ ግን የመሪውን ያህል አልተጠነቀቀም። በክፍያው ውስጥ ነው የተባለው የዝናብ ልብስ ሁሉም በአዋቂ ልክ የተሰፋ ስለነበር ልጄ ጠርዙን እየረገጠች ሁለት ጊዜ ወድቃለች፤ የእኔውም በብብቱ በኩል ተተርትሮ ነበር። የደኑ መግቢያ ለብቻው እንደሚከፈል የሰማነው በሩ ላይ ነው። ከሁሉ ያበሳጨኝ ምሳው ነው፦ ፍልሰታን ከነልጆቻችን እንደምንጾም ስንመዘገብ ብናስታውቅም የቀረበልን በእንቁላል የተሠራ ሳንድዊች ስለነበር፣ ልጆቹ የዋሉት መሪው ከቤቱ በያዘው በሶና ቆሎ ነው። ቅሬታዬን በስልክ ሳሰማ ይቅርታ ጠይቀው የምሳውን ሂሳብ መልሰውልናል፤ ይህ ሊመሰገን ይገባዋል።

ለጥቅምት በድጋሚ ለመመዝገብ ስደውል የጠየቅሁት ያው መሪ ይመደብልን እንደሆነ ብቻ ነው። የልጆቹን የዝናብ ልብስ ከመርካቶ ገዝተናል።