ብራንድ ወይስ ጀነሪክ? ደብረ ብርሃን ላይ የግፊት መድኃኒት ለምትገዙ

ፋርማሲ ገብታችሁ አምሎዲፒን የሚባለውን የግፊት መድኃኒት ስትሉ "የትኛውን?" ትባላላችሁ፣ ብራንዱን (መጀመሪያ ያወጣው ኩባንያ በራሱ ስም የሚሸጠውን) ወይስ ጀነሪኩን (ያንኑ መድኃኒት ሌሎች ፋብሪካዎች የሚሰሩትን) ማለት ነው፣ ብዙ ሰው ውዱ ያድናል ብሎ የአስቤዛ ብሩን እዛው ይጨርሳል፣ ያሳዝናል።

ዋጋ፦ ብራንዱ ኖርቫስክ ይወደዳል። ጀነሪኩ የሚረክሰው ፓተንት (ሌላው እንዳይሰራው የሚከለክለው መብት) ከማመልከቻው ቀን ጀምሮ 20 ዓመት ብቻ ስለሆነ ነው፣ የኖርቫስክ አሜሪካ ውስጥ በ2007 እ.ኤ.አ. አልቋል፣ ከዛ ወዲህ ሌላም ፋብሪካ ይሰራዋል፣ የምርምሩን ወጪ ደሞ አይሸከምም።

ይዘት፦ መድኃኒቱ ያው ነው፣ ቀለሙ ቢለይ አትደንግጡ።

ስጋት፦ ዋናው ይሄ ነው። ሁለቱም ፎርጅድ ይሰራባቸዋል፣ በሻንጣ የገባ "ኦርጅናል" ደሞ በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በኩል አላለፈም፣ እንዴት እንደተቀመጠም የሚያውቅ የለም፣ ስለዚህ ባች ቁጥሩንና (በአንድ ዙር የተመረተውን የሚለየውን ቁጥር) ኤክስፓየር ዴቱን ካርቶኑም ውስጥ ያለው የክኒኑ ማሸጊያም ላይ አመሳክሩ።

ከመንዝ ወርዶ በየወሩ ለሚገዛ ሰው ሳይቋረጥ የሚያገኘው ጀነሪክ ይሻላል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የተስማማው ግን ሐኪሙን ሳያማክር አይቀይር።