በደብረ ማርቆስ አንድ አዳራሽ ያየሁት «የጸደይ ሥርዓት»

በደብረ ማርቆስ ከተማ ከአንድ ቡና ቤት ፎቅ ላይ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ማታ የውጭ አገር ቴአትርና ዳንስ በፕሮጀክተር የሚታይበት ትንሽ አዳራሽ ተከፍቷል። መግቢያው ከአንድ ስኒ ቡና ጋር 100 ብር ነው። ባለፈው ቅዳሜ የቀረበው «የጸደይ ሥርዓት» የተባለው ባሌት ሲሆን፣ በከፈልሁት ባልጸጸትም ስለ ድምፁ ቅሬታ አለኝ።

ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። ብዙዎቻችን ጸደይ ሲባል ትዝ የሚለን የመስከረም አደይ አበባ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ግን ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ወቅት ነው። ባሌቱ በፓሪስ ሻንዜሊዜ ቴአትር ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 21 ቀን 1905 ዓ.ም. ስለሆነ ስሙና ወቅቱ ገጥመዋል።

ሙዚቃውን ኢጎር ስትራቪንስኪ፣ ዳንሱን ቫስላቭ ኒጂንስኪ ሠርተውታል፤ ታሪኩም በጥንታዊት ሩሲያ ለጸደይ አምላክ መሥዋዕት እንድትሆን ተመርጣ እስክትሞት ድረስ የምትጨፍር ልጃገረድ ታሪክ ነው። የኒጂንስኪ ዳንስ ጥቂት ጊዜ ብቻ ታይቶ ተረስቶ ነበር። የዳንስና የሥነ ጥበብ ታሪክ ተመራማሪዎቹ ሚሊሰንት ሆድሰንና ኬኔት አርቸር ለዓመታት ሥዕሎችንና ማስታወሻዎችን ሲያሰባስቡ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1987 መልሰው አቆሙት፤ አዳራሹ ያሳየንም ይህንኑ የሩሲያው ማሪንስኪ ቴአትር ዳንሰኞች ሲጫወቱት የተቀረጸውን ነው።

ዓይኔን የያዘው እግራቸው ነው። እስከዚያ ዘመን የባሌት ዳንሰኛ ጣቱን ወደ ውጭ አዙሮ፣ ሰውነቱን አቅልሎ ወደ ላይ ይንሳፈፍ ነበር፤ እዚህ ግን ጣቶች ወደ ውስጥ ዞረዋል፣ ጉልበት ታጥፏል፣ መሬቱም ይረገጣል። አጠገቤ ጋቢ ለብሰው የተቀመጡ አባት «ይኸስ ምኑ ያስጮኻል?» አሉኝ፤ የፓሪስ ተመልካች መሳቁንና መጮኹን አስተዋዋቂው ገና መግቢያው ላይ ነግሮን ነበር። የእኛ እስክስታ ከትከሻ ቢነሣም፣ በሠርግ ቤት አቧራ እስኪነሣ ሲረገጥ እያየ ላደገ ሰው በእርግጥም እንግዳ አይደለም። እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነው፦ የተመረጠችው ልጅ ሙዚቃው ሲያጓራ አንገቷን አዘንብላ ድርቅ ብላ ቆማ ትቆያለች፤ ከዚያ ጉልበቶቿ ብቻ መንቀጥቀጥ ይጀምራሉ።

ወደ ድምፁ ልመለስ። ሥራው የሚከፈተው ባሱን በተባለ የትንፋሽ መሣሪያ ነው፤ ከልማዱ ውጭ እጅግ ቀጭን ድምፅ እያወጣ ብቻውን ይጀምራል። እኛ ይህን ክፍል የሰማነው በስኒ ኳኳታና በባጃጅ ጥሩምባ መካከል ነው። ሁለቱ ስፒከሮች ትንንሽ ስለሆኑ ከበሮው እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳል። በመጀመሪያው ምሽት ዳንሰኞቹ ከጩኸቱ የተነሣ ኦርኬስትራውን መስማት ስላቃታቸው ኒጂንስኪ ከመድረኩ ጎን ወንበር ላይ ቆሞ የዳንሱን ምት በቁጥር እየጮኸ ይነግራቸው ነበር፤ የኋላ ወንበር ላይ ለተቀመጥን ለእኛም እንዲሁ የሚቆጥርልን ሰው ያስፈልገን ነበር።

በመጨረሻ የታየው አጭር ቅንጭብ አዳራሹን አስመስግኖታል። ጀርመናዊቷ ፒና ባውሽ እ.ኤ.አ. በ1975 ይህንኑ ሙዚቃ መድረክ ላይ አፈር አስነጥፋ ያስጨፈረችበት ሥራ ሲሆን፣ በቅርብ ዓመታት ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች የተውጣጡ ዳንሰኞች ሴኔጋል ውስጥ አጥንተውታል። አፈሩ ከላብ ጋር እየተለወሰ ነጩን ቀሚስ ሲያቆሽሽ ይታያል።

ቡናው ጥሩ ነው፤ አስተናጋጆቹም ትሑታን ናቸው። ወንበሩ ጠንካራ ስለሆነ ጋቢ ይዞ መሄድ፣ ከ12 ሰዓት በፊት ደርሶም ከፊት ሁለት ረድፎች በአንዱ መቀመጥ ይሻላል።