ከፒትስበርግ እስከ ዋሽንግተን በብስክሌት፦ የትኛው ብስክሌት? የትኛው ጎማ?

በዋሽንግተን፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ አካባቢ የምትኖሩ ብስክሌት ወዳጆች ይህን ጉዞ ስታስቡ ብዙውን ጊዜ የምትከራከሩት በብስክሌቱ ዓይነት ነው፤ ግራቭል (ለጠጠር መንገድ የተሠራው) ወይስ ማውንቴን (ለተራራ የተሠራው)፣ አሉሚኒየም ወይስ ብረት። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ ቴላዮው (የብስክሌቱ ዋና አካል) ምን ያህል ወፍራም ጎማ ያስገባል የሚለው ነው። በቂ ስፋት ያለው ጎማ የገጠመ የ500 ዶላር ብስክሌት በቀጭን ጎማ ከሚሄድ የ4,000 ዶላር ብስክሌት ይሻላል፤ በተለይ ዝናብ ከጣለ።

መንገዱ ሁለት ነው

ብዙ ሰው ሙሉውን ጉዞ እንደ አንድ መንገድ ስለሚያየው ነው ምርጫው የሚሳሳተው። ከፒትስበርግ ተነስቶ ሜሪላንድ ውስጥ እስከምትገኘው ከምበርላንድ የሚዘልቀው 240 ኪሎ ሜትር ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ ይባላል። ድሮ ባቡር ይመላለስበት የነበረ፣ ሐዲዱ ተነስቶ ለእግረኛና ለብስክሌት የተሰጠ መንገድ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። አብዛኛው ክፍል ተፈጭቶ የተደለደለ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ሲደርቅ አስፋልት ሊመስል ምንም አይቀረው። ባቡር ዳገት ስለማይችል መንገዱም ዳገት አያበዛም። ከፍተኛው ቦታ ምሥራቃዊው የውሃ መለያ ሲሆን ከፍታው 729 ሜትር ነው። ከፒትስበርግ ለሚመጣ ሰው ዳገቱ ወደ 200 ኪሎ ሜትር በሚሆን ርቀት ላይ ተዘርግቶ ስለሚቀርብ እግር እምብዛም አያውቀውም። ከከምበርላንድ ለሚነሳ ግን ወደ 530 ሜትር የሚጠጋው ከፍታ በ38 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው የሚወጣው። እዚያም ቢሆን ዳገቱ ከ2 በመቶ አይበልጥም፤ የሚያደክመው ርዝመቱ ነው።

ከከምበርላንድ እስከ ጆርጅታውን ያለው 297 ኪሎ ሜትር ደግሞ የባቡር መንገድ ሆኖ አያውቅም። የቼሳፒክ ኤንድ ኦሃዮ ቦይን ተከትሎ የሚሄድ፣ በቅሎዎች ጀልባ ይጎትቱበት የነበረ መንገድ ነው። የቦዩ ቁፋሮ በ1828 ተጀምሮ ከምበርላንድ የደረሰው በ1850 ሲሆን፣ ከ1924ቱ ጎርፍ በኋላ ሥራ አቆመ። ዛሬ የብሔራዊ ፓርክ አካል ነው። አፈር፣ ጠጠር፣ የዛፍ ሥርና ኩሬ ይፈራረቁበታል። በቅርብ ዓመታት አዲስ ጠጠር የለበሱ ክፍሎች ስላሉ አንዱ ሰዓት ምቹ ሆኖ ቀጣዩ ሊያንገጫግጭ ይችላል። ዝናብ ሲመታው ሸክላማ አፈሩ ይጣበቃል። ብስክሌትና ጎማ መመረጥ ያለባቸው ይህን ሁለተኛውን ክፍል በማሰብ ነው። የምትሄዱት አሌጌኒን ብቻ ከሆነ ምርጫችሁ በጣም ይሰፋል።

ጎማ፦ ስፋቱ

| ስፋት | አሌጌኒ | ቦዩ፣ ደረቅ ሲሆን | ቦዩ፣ ከዝናብ በኋላ |
|---|---|---|---|
| 28–32 ሚ.ሜ | ይቻላል፣ ጓዝ ከቀለለ | እጅና መቀመጫ ይጎዳል | ይቅርባችሁ |
| 35–38 ሚ.ሜ | በጣም ጥሩ | ይቻላል | ቀስ ተብሎ |
| 40–45 ሚ.ሜ | ጥሩ | በጣም ጥሩ | ከሁሉ የተሻለ |
| 50 ሚ.ሜ እና ከዚያ በላይ | ትንሽ ይከብዳል | ምቹ | ጥሩ፣ ቴላዮው ክፍተት ካለው |

የእኔ ምርጫ ከ40 እስከ 43 ነው። ሰፋ ያለ ጎማ በአነስተኛ ንፋስ ስለሚሠራ የዛፍ ሥሩን ራሱ ይውጠዋል፤ እጃችሁና ወገባችሁ የሚያርፉት ከዚህ ነው። ከ38 ወደ 42 በመሄድ በኖራ ድንጋዩ ላይ የምታጡት ፍጥነት ደግሞ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ስፋቱን ስትመርጡ ግን አንድ ነገር አይረሳ። በጎማውና በቴላዮው መካከል በሁለቱም በኩል ቢያንስ የአንድ እስክሪብቶ ውፍረት፣ ማለትም ስድስት ሚሊሜትር ገደማ ክፍተት መኖር አለበት። ፓራፋንጎ (የጭቃ መከላከያ) ከገጠማችሁ ክፍተቱ ከዚያም ይበልጥ ያስፈልጋል። የቦዩ ጭቃ ከጎማው ጋር ተጠቅልሎ ወደ ፓራፋንጎው ሥር ይገባል፣ እዚያ ይጠቀጠቃል፣ ትናንሽ ጠጠርና ቅጠል ይጨመርበታል፤ ጥቂት ቆይቶ ጎማው መዞር ያቆማል። ያኔ ያለው መፍትሔ ወርዶ በእንጨት መፋቅ ብቻ ነው፤ ከመቶ ሜትር በኋላ ደግሞ እንደገና። ስለዚህ ሻጩ «42 ይገባል» ሲላችሁ ከፓራፋንጎ ጋር ነው ወይስ ያለ ፓራፋንጎ ብላችሁ ጠይቁት። ቢቻል ጎማውን አስገጥማችሁ በዓይናችሁ እዩት።

በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥርም ማንበብ ልመዱ። «40-622» ካለ 40 ስፋቱ ነው፣ 622 ደግሞ የቸርኬው መግጠሚያ ዲያሜትር። ሰባት መቶ ሲ የሚባለውና 29 ኢንች የሚባለው ሁለቱም 622 ናቸው። 27.5 ኢንች 584 ነው፤ የድሮው 26 ኢንች ማውንቴን 559። በኢንተርኔት ስታዙ በኢንች ስሙ ሳይሆን በዚህ ቁጥር ብትሄዱ አትሳሳቱም።

ጎማ፦ ዓይነቱ

በዚህ መንገድ ላይ ስማቸው ተደጋግሞ ከሚነሱት መካከል ሦስቱን ላነጻጽር።

ሽዋልቤ ማራቶን ከላስቲኩ ሥር ሦስት ሚሊሜትር የሚሆን መከላከያ አለው። ጥርሱ ዝቅ ያለ ነው፤ በኖራ ድንጋይና በከተማ አስፋልት ላይ ጸጥ ብሎ ይሄዳል፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። በሁለት ቦርሳ ሙሉ ጓዝ ለሚጭንና ጎማ መጠገን ለማይወድ ሰው ያለ ማመንታት የምመክረው ይህን ነው። ማራቶን ፕላስ መከላከያውን ወደ አምስት ሚሊሜትር ያሳድገዋል። መበሳት ብርቅ ይሆናል፤ ነገር ግን ከባድ ነው፣ ይደርቃል፣ ቸርኬው ላይ ማስገባቱም ጣት ያሳምማል። የመስታወት ስብርባሪ ለሚበዛበት የከተማ መንገድ ይጠቅማል፤ ለዚህ ጉዞ ግን አስፈላጊ ሆኖ አላገኘሁትም።

ፓናሬሰር ግራቭልኪንግ ኤስኬ ሌላ ጠባይ ነው ያለው። ጥርሶቹ ትንንሽና የተጠጋጉ፣ አካሉ ቀጭንና ለስላሳ ነው። ፍጥነቱም ምቾቱም ከማራቶን ይበልጣል፣ የመከላከል አቅሙ ግን ያንሳል። ያለ ውስጥ ጎማ፣ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ ተጨምሮበት ሲሠራ ይህ ድክመቱ በአብዛኛው ይካካሳል፤ በቦዩ ዳር የሚጠብቃችሁን ትንሽ እሾህ ፈሳሹ ሳታውቁት ይደፍነዋል። ጓዙ ለቀለለና ይህን አሠራር ለለመደ ሰው የ43ቱ ግራቭልኪንግ ከሁሉ ይሻላል። ፈሳሽ ጨምሮ ለማያውቅ ሰው ግን ከጉዞው በፊት ባለው ሳምንት መጀመር ጥሩ አይደለም።

ጥርሱ ረጅም የሆነ የጭቃ ጎማ ልግዛ ወይ ለምትሉ፣ አይሆንም እላለሁ። ለአንድ የዝናብ ቀን ብላችሁ 240 ኪሎ ሜትር ደረቅ መንገድ ላይ ጥርስ ስትጎትቱ ትከርማላችሁ። ሸክላው ሲብስ ደግሞ የትኛውም ጥርስ ይሞላል።

ንፋሱን በተመለከተ፣ በጎማው ጎን የተጻፈው ከፍተኛ ቁጥር ጣሪያው ነው እንጂ ምክር አይደለም። 75 ኪሎ የሚመዝንና 15 ኪሎ ጓዝ የጫነ ሰው በ40 ሚሊሜትር ጎማ ፊት 40፣ ኋላ 45 እስከ 50 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ብሎ ቢጀምር ጥሩ ነው። ያለ ውስጥ ጎማ ከሆነ ትንሽ ዝቅ ይላል።

ብስክሌቱ

ሃይብሪድ። ቀጥ ያለ መሪ፣ ቀና ብሎ መቀመጥ፣ ዕቃ መጫኛ የሚታሰርባቸው የብሎን ቀዳዳዎች። አዲሱ ከ600 እስከ 1,000 ዶላር ገደማ ይገኛል። ብዙ ሰው ቤቱ ያለው ይህ ነው፤ 40 ሚሊሜትር ጎማ ካስገባ ሌላ አትግዙ። ወደ መቶ ዶላር የሚጠጋ ወጪ በሁለት ጥሩ ጎማዎች ላይ ማዋል ለዚህ ጉዞ ከአዲስ ብስክሌት ይበልጣል። ድክመቱ እጅ የሚያርፍበት ቦታ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ከቀኑ አጋማሽ በኋላ መዳፍ ይደነዝዛል። በመሪው ጫፍ የሚታሰር ተጨማሪ መያዣ በጥቂት ዶላር ይህን ያቃልለዋል።

ግራቭል። የታጠፈው መሪ ሦስት አራት ዓይነት አያያዝ ይሰጣል፣ ይቀላል፣ ከ40 በላይ ጎማ በቀላሉ ያስገባል። መግቢያው ዋጋ ከ1,200 ዶላር አካባቢ ይጀምራል። እዚህ መጠንቀቅ የሚገባው ለውድድር የተሠሩትን ከጉዞ መለየቱ ላይ ነው። አንዳንዶቹ፣ በተለይ የካርቦኖቹ፣ የኋላ ዕቃ መጫኛ የሚታሰርባቸው ቀዳዳዎች የሏቸውም። የኋላ ጎማቸው ለመቀመጫው የቀረበ ስለሆነም ቦርሳ ሲታሰር ተረከዝ በየዙሩ ቦርሳውን ይመታል። ሱቅ ውስጥ ቦርሳ አሳስራችሁ ፔዳሉን አምስት ጊዜ አዙሩት፤ ተረከዛችሁ ከነካ ያ ብስክሌት ለእናንተ አይደለም።

ቱሪንግ። ጓዝ ጭኖ ለረጅም ጉዞ የሚሆን ብስክሌት ነው። እንደ ሰርሊ ዲስክ ትራከር ያሉት ብረት ናቸው፤ የኋላቸው ረዘም ያለ ነው፣ ሙሉ ጓዝ ሲጫንባቸው እንኳ አይወዛወዙም። ድንኳን ይዞ በቦዩ ዳር በነጻ በሚገኙት የካምፕ ቦታዎች ለሚያድር ሰው ከዚህ የሚሻል የለም። በየከተማው ሆቴል ለሚያድርና አንድ ልብስ ቀይሮ ለሚሄድ ግን ክብደቱ ትርፍ ነው።

ማውንቴን። የፊት ሾክ ለዚህ መንገድ አያስፈልግም፤ ኃይል ይበላል፣ ይከብዳል፣ ፊት ላይ ቦርሳ ለማሰርም ያስቸግራል። ባለ ሾክ ያለው ሰው ቆልፎት ይሂድ። ከዚህ ሁሉ የማደንቀው በ1990ዎቹ የተሠራውን፣ ሾክ የሌለውን፣ የብረት ቴላዮ ባለ 26 ኢንች ማውንቴን ነው። በሰው እጅ ያለው ብዙ ጊዜ በሁለት መቶ ዶላርና ከዚያ ባነሰ ይገኛል። ቀዳዳዎቹ አሉት፣ ማርሹ ለማንኛውም ዳገት ይበቃል፣ ክፍተቱ ሰፊ ነው። 47-559 ማራቶን ሲገጠምለት ከፒትስበርግ ቤታችሁ ድረስ ያደርሳችኋል።

የአስፋልት ብስክሌት ከ32 በታች ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ከዝርዝሩ አውጡት። የኤሌክትሪኩ ደግሞ በአሌጌኒ በኩል ይሠራል፤ ኦሃዮፓይል፣ ኮንፍሉዌንስ፣ ሮክዉድና ማየርስዴል እያደሩ ባትሪ መሙላት ይቻላል። በቦዩ ዳር ባሉት ካምፖች ግን መብራት የለም።

ባቡሩም ያዛል

አብዛኛው የዋሽንግተን ሰው በአምትራክ ፍሎሪዲያን ባቡር ወደ ፒትስበርግ ሄዶ ወደ ቤቱ እየነዳ ይመለሳል። ባቡሩ ፒትስበርግ የሚደርሰው እኩለ ሌሊት ገደማ ስለሆነ ማደሪያ አስቀድማችሁ ያዙ። ለብስክሌቱም ቦታ ቀድሞ መያዝ ግዴታ ነው። የአምትራክ መመሪያ ከ50 ፓውንድ፣ ማለትም ከ22 ኪሎ ተኩል ገደማ፣ በላይ የሚመዝን ብስክሌት አይቀበልም፤ የጎማውንም ስፋት በ2 ኢንች ይገድባል። ብዙ የኤሌክትሪክ ብስክሌቶች በክብደቱ ይወድቃሉ። 2.2 ኢንች ጎማ ያለው ማውንቴንም በስፋቱ። ቲኬት ስትቆርጡ በወቅቱ ያለውን መመሪያ አረጋግጡ።

ቀሪው

ፍሬን የዲስክ ቢሆን ይመረጣል። እርጥብ የኖራ ድንጋይ እንደ አሸዋ ወረቀት ስለሚፍቅ ቸርኬውን የሚይዝ ፍሬን ላስቲኩ ቶሎ ይበላል። ያንኑ ግራጫ ልቁጥ ከካቴናው ላይ በየማታው በውሃ አጥባችሁ፣ ጠርጋችሁ ዘይት ቀቡት። የኋላ ቸርኬው 32 ሽቦ ቢኖረው ጓዝ ይሸከማል፤ ሃያ ምናምን ሽቦ ያለው ላይ ብዙ አትጫኑ።

መብራት የግድ ነው። በቦዩ መንገድ ላይ ያለው፣ 950 ሜትር የሚረዝመው የፖ ፖ ዋሻ ውስጡ ጨለማ፣ መተላለፊያው ጠባብ ነው፤ ወርዶ እየገፉ ማለፍ ይሻላል። በአሌጌኒ በኩል ያለው፣ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ቢግ ሳቬጅ ዋሻ ደግሞ በብርዱ ወራት ስለሚዘጋ ጉዞውን ከኅዳር መጨረሻ እስከ መጋቢት አታቅዱት።

ቦዩ በጭቃ ከተያዘ ሃንኮክ አካባቢ ጎን ለጎን የሚሄድ ዌስተርን ሜሪላንድ ሬይል ትሬይል የሚባል 45 ኪሎ ሜትር አስፋልት አለ። ወደዚያ መሻገር ለጎማም ለሰውም እረፍት ነው።

በመንገዱ ላይ ጎሚስታ በየመንደሩ ስለሌለ ሁለት የውስጥ ጎማ፣ መለጠፊያ፣ የጎማ ማውጫና መንፊያ ያዙ፤ ያለ ውስጥ ጎማ የምትሄዱም ጭምር። አዲሱን ጎማ ከጉዞው ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ አስገጥሙና የምትጭኑትን ጓዝ በሙሉ ጭናችሁ ከጆርጅታውን እስከ ግሬት ፎልስ ደርሳችሁ ተመለሱ። መንገዱ ያው የቦዩ መንገድ ስለሆነ ንፋሱ ልክ መሆኑን፣ ቦርሳው ተረከዝ መንካቱን፣ ፓራፋንጎው መፋቁን እዚያው ታውቁታላችሁ፤ ለማስተካከልም ጊዜ ይኖራችኋል።