ጊዜ አጥሯችሁ ጂማት ለምትፈተኑ፦ እኔን ያስጠኑኝን መምህር ልጠቁማችሁ

ሰላም ወገኖች። ይህን የምጽፈው አንድም ለማመስገን፣ አንድም ለመጠቆም ነው። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አካባቢ ኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) ለመማር አስባችሁ፣ ለመግቢያው ጂማት የሚባለው ፈተና ተጠይቃችሁ፣ ሥራውም ልጁም ይዟችሁ፣ "መቼ አጥንቼ መቼ ልፈተን?" የምትሉ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። በየድግሱ የምሰማው ነው። ስለዚህ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

እኔ አካውንታንት ነኝ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ ነው። ቀን ቢሮ፣ ማታ ሁለት ልጆች። የብዙ ቢዝነስ ስኩሎች ሁለተኛ ዙር ማመልከቻ የሚዘጋው ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ነው። ጃንዋሪ ደግሞ በእኛ ሙያ ያለ ሰው ቀና ብሎ የማያይበት ወር ነው። እኔ ስለ ፈተናው ከልቤ ማሰብ የጀመርኩት ቅጠሉ መርገፍ ከጀመረ በኋላ ነበር። እጄ ላይ አንድ የኦንላይን ኮርስ አለ። ስሙን ልተወው። መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ግን ቪዲዮው ማለቂያ የለውም። ግማሽ ዓመት ቁጭ ብሎ ለሚያጠና ሰው የተሠራ ነው።

መምህሩን የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ እሳቸውም አይፈልጉም። ጋሼ እያልኩ ልቀጥል። አገር ቤት ለረጅም ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ አስተምረዋል። እዚህም ቀን የሚያስተምሩት ሒሳብ ነው። ማታና ቅዳሜ ጥቂት ሰው ይዘው ጂማትና ጂአርኢ (ሌላው የማስተርስ መግቢያ ፈተና) ያስጠናሉ። አንዳንዴ በዙም፣ አንዳንዴ ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብሎ።

መጀመሪያ ስደውልላቸው የጠየቁኝ ስለ ክፍያ አልነበረም። "ለመሆኑ ጂማት ግድ ነው ያለሽ ማን ነው?" አሉኝ። አብዛኛው ቢዝነስ ስኩል ጂአርኢም ይቀበላል። የማታ ፕሮግራም ያላቸው አንዳንዶቹ ደግሞ የሥራ ልምድ ላለው ሰው ፈተናውን ከነጭራሹ ይተዉታል። "ያሰብሻቸውን ትምህርት ቤቶች ጠይቂና ተመልሰሽ ደውዪ" ብለው ስልኩን ዘጉ። ጠየቅኩ። አንዱ ፈተና አያስፈልግም አለኝ። እኔ በጣም የምፈልገው ትምህርት ቤት ግን ስኮላርሺፕ ሲሰጥ ውጤት እንደሚያይ ነገረኝ። በቃ፣ ጂማት ሆነ። ግን አስቡት፤ ሰውየው የራሳቸውን እንጀራ ሊያስቀሩት ነበር እኮ! እኔ እዚያው ነው ያመንኳቸው።

ቀጥሎ ያዘዙኝ ምንም ሳላጠና አንድ ሙሉ የልምምድ ፈተና እንድወስድ ነው። የፈተናው ባለቤት ጂማክ የሚባለው ድርጅት ነው። ስድስት የልምምድ ፈተናዎች አሉት፤ ሁለቱ በነፃ ናቸው። ከሌላ ቦታ የሚገኙት ልምምዶች ውጤታቸው ብዙም አያስተማምንም ይላሉ ጋሼ። ስለዚህ ስድስቱን እንደ ወርቅ ነው የሚቆጥቧቸው። የእኔ መነሻ 545 ሆነ። ለማታውቁት፣ ውጤቱ ከ205 እስከ 805 ነው፤ መጨረሻው ሁልጊዜ 5 ነው።

ከዚያ ያቺን የኦንላይን ኮርስ ማውጫ አስከፍተውኝ መሰረዝ ጀመሩ። እውነቱን ለመናገር፣ የከፈልኳቸው ለዚህ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ሌላው አስተማሪ ምን ላጥና ስትሉት ይጨምርላችኋል። ጋሼ ይቀንሳሉ።

ጂኦሜትሪ ተሰረዘ። ሰዋስው ማረም፣ ያ ሴንተንስ ኮሬክሽን የሚባለው፣ ተሰረዘ። ድርሰት ተሰረዘ። ምክንያቱም ፈተናው ራሱ አውጥቷቸዋል። አዲሱ ጂማት የመጣው በኖቬምበር 2023 ነው፤ የድሮው በጃንዋሪ 2024 መጨረሻ ላይ አበቃ። ከሰው ተውሰን የምናነበው ወፍራም መጽሐፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ የድሮው ነው። እባካችሁ መጀመሪያ የታተመበትን ዓመት እዩ። እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ለተማርን ሰዎች ሴንተንስ ኮሬክሽን መቅረቱ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ይህን የሚነግራችሁ ከሌለ ግን ስታጠኑት ትከርማላችሁ።

አሁን ያለው ፈተና ሦስት ክፍል ነው። ኳንት (ሒሳብ) 21 ጥያቄ፣ ቨርባል (ንባብና ክርክር) 23፣ ዳታ ኢንሳይትስ (መረጃ መተንተን) 20። እያንዳንዱ 45 ደቂቃ። በድምሩ ሁለት ሰዓት ከሩብ፣ ከፈለጋችሁ በመሃል አሥር ደቂቃ እረፍት። በየትኛው ክፍል እንደምትጀምሩ የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። ሦስቱም ለጠቅላላው ውጤት እኩል ይቆጠራሉ። ጋሼ እዚህች ላይ አጥብቀው ይናገራሉ። የእኛ ሰው ሒሳብ ይወዳል፤ ጊዜውን ሁሉ ኳንት ላይ ያፈሳል። ካልኩሌተር የማይፈቀደው ኳንት ላይ ነው። እኛ ደግሞ አገር ቤት በእጃችን እያባዛንና እያካፈልን ነው ያደግነው፤ ያ ነገር እዚህ ጠቀመን። ውጤታችንን ወደ ታች የሚጎትተው ዳታ ኢንሳይትስ ነው። ሠንጠረዥ፣ ግራፍ፣ ከተለያየ ገጽ የተሰበሰበ መረጃ፣ ሁሉም እዚያ ነው ያለው። ካልኩሌተር የሚሰጣችሁም እዚያ ብቻ ነው። ስለዚህ ከጥናት ሰዓቴ ትልቁን ድርሻ ወደዚያ አዞሩት።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ፣ አስተማሪነታቸው ይገባችኋል። ዳታ ሰፊሸንሲ የሚባል የጥያቄ ዓይነት አለ። አንድ ጥያቄና ሁለት መረጃ ይሰጣችኋል። መልሱን አትፈልጉም። መረጃው መልስ ለመስጠት ይበቃል ወይስ አይበቃም፣ ይህን ብቻ ነው የምትወስኑት። ጋሼ አካውንታንት መሆኔን አስታውሰው እንዲህ አሉኝ፦ "ሱቁ ዘንድሮ አትርፏል ወይ? አንደኛ፣ ሽያጩ ከአምናው በ20 በመቶ ጨምሯል። ሁለተኛ፣ ወጪው ከአምናው በ10 በመቶ ቀንሷል።" ብዙ ሰው ሁለቱ አንድ ላይ ከሆኑ ይበቃሉ ብሎ ይመልሳል። አይበቁም። አምና ስንት ሸጦ ስንት እንዳወጣ የነገረን የለም። በጣም ከስሮ የነበረ ሱቅ ይህን ሁሉ አሻሽሎም ኪሳራ ላይ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ በመቶኛ የተነገረኝን ነገር ሁሉ "ከስንት ላይ?" እያልኩ ነው የማነበው። ቢሮም ጭምር።

ቨርባል ላይ ያለው ክሪቲካል ሪዝኒንግም፣ የአንድን ክርክር ክፍተት የምትፈልጉበት፣ እንዲሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ አንድ ባለ እንጀራ ሱቅ ዋጋ ጨመረ እንበል። ገቢው አልቀነሰም። ባለቤቱ "ደንበኞቼ ጭማሪው አልከበዳቸውም" ብሎ ደመደመ። ጋሼ "ያልተነገረሽ ምንድን ነው?" ይላሉ። ምናልባት በዚያው ወር ጎረቤት ያለው ሱቅ ተዘግቶ ይሆናል። የድሮ ደንበኞቹ ሄደው አዲሶች መጥተው ይሆናል። በእንግሊዝኛው ረጅም ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚጠፋው ነገር በአማርኛ ሲነገር ወዲያው ይታያል። ጥያቄውን መጀመሪያ በአማርኛ ያስነግሩኛል፤ ክፍተቱን ካገኘሁ በኋላ ነው ወደ ምርጫዎቹ የምንሄደው። ፈተናው ላይ ለመተርጎም ጊዜ እንደሌለ ያውቃሉ። ግን የማሰቡ መንገድ ከገባ በኋላ ቋንቋው ይከተላል፣ ነው የሚሉት። ለእኔ ሠርቷል።

ሰዓት አያያዝ ላይ ያስተማሩኝ በጣም ቀላል ነው። ኳንት 21 ጥያቄ ነው፤ ሰባት ሰባት አድርጋችሁ ክፈሉት። ሰባተኛውን ስትጨርሱ ሰዓቱ ላይ 30 ደቂቃ መቅረት አለበት። አሥራ አራተኛው ላይ 15። በየጥያቄው ሰዓት ማየት የለም። ከዘገያችሁ አንዱን ከባድ ጥያቄ ገምታችሁ እለፉ። እኛ ደግሞ መተው አልለመድንም። የአገር ቤት መምህር "ሁሉንም ጥያቄ ሥራ" ብሎ ነው ያሳደገን። ጋሼ "ታክሲ ነው፤ ሞልቶ ካለፈሽ ቀጣዩን ያዢ" ይሉኛል። እያንዳንዱ ክፍል ሲያልቅ ጊዜ ካላችሁ ተመልሳችሁ እስከ ሦስት መልስ መቀየር ትችላላችሁ። ያልተነካ ጥያቄ ትቶ ሰዓት ማለቅ ግን ከስህተት መልስ ይብሳል፤ ውጤት ይቀንሳል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ የቀረውን በግምትም ቢሆን ሙሉት።

የጥናት ሰዓቴን ያወጡት የእኔን ቀን አይተው ነው። ልጆች ከተኙ በኋላ ቪዲዮ ማየት ከለከሉኝ። ደክሞኝ ስለማይገባኝ። ማታ የተሳሳትኩትን ጥያቄ በደብተር መጻፍ ብቻ፤ ለምን እንደተሳሳትኩ በአንድ መስመር። አዲስ ነገር ጠዋት፣ ልጆች ሳይነሱ። ሙሉ የልምምድ ፈተና ቅዳሜ፣ ባለቤቴ ልጆቹን ይዞ ሲወጣ (እሱንም በዚሁ አመሰግናለሁ፤ ያነበዋል)። በፈተና ጣቢያ ወረቀት አይሰጥም፤ የሚጠፋ ሰሌዳና ማርከር ነው የሚሰጠው። ጋሼ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በማርከር አለማመዱኝ። ትንሽ ነገር ትመስላለች። በወፍራም ማርከር ጠባብ ሰሌዳ ላይ ሒሳብ መሥራት ግን ራሱን የቻለ ልምድ ይፈልጋል።

ሌላው ማንም ያልነገረኝ የስም ጉዳይ ነው። ስትመዘገቡ የምትሞሉት ስም ከምትይዙት መታወቂያ ጋር አንድ መሆን አለበት። ካልሆነ ከበር ሊመልሷችሁ ይችላሉ፤ ገንዘቡም አይመለስም። የእኛ ነገር ደግሞ ታውቃላችሁ። ፓስፖርት ላይ የአያት ስም አለ፣ መንጃ ፈቃድ ላይ የለም። አንዱ ላይ አንድ ፊደል ይደገማል፣ ሌላው ላይ አይደገምም። ጋሼ ሳልከፍል በፊት መታወቂያዬን ከምዝገባው ጋር ፊደል በፊደል አስመሳከሩኝ። ብቻዬን ብሆን ትዝም አይለኝም ነበር።

ውጤቴ 655 መጣ። ዓለምን የሚያስደንቅ አይደለም። እኔ ለፈለግኩት ትምህርት ቤት ግን በቂ ነበር፤ ገብቻለሁ፣ ከፊል ስኮላርሺፕም አግኝቻለሁ። ጋሼ ውጤቱን ስነግራቸው "ዳታ ኢንሳይትስ ስንት መጣ?" ብለው ነው የጠየቁኝ። እንኳን ደስ አለሽ ያሉት ከዚያ በኋላ ነው። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ማወቅ ያለባችሁ ነገሮችም አሉ። ቴሌግራም ላይ መልስ ይዘገያሉ፤ ብትደውሉ ይሻላል። እሁድ ጠዋት አያስተምሩም፤ ቅዳሴ ነው። የቤት ሥራ ሳትሠሩ ከመጣችሁ ትምህርቱን ሰርዘው ይሸኟችኋል፤ ክፍያ ግን አይጠይቁም፤ ይህ ደግሞ የባሰ ያሳፍራል። ከ700 በላይ ለምትፈልጉ የቨርባል ከባድ ምንባቦች ላይ ሌላ ሰው ቢያግዛችሁ ጥሩ ነው። ይህን እሳቸው ራሳቸው ይነግሯችኋል። ማመልከቻና ድርሰት አያዩም። "እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ" ብለው ይጨርሱታል። ክፍያቸውን እዚህ አልጽፍም፤ እኔ ለዚያ ኮርስ ከከፈልኩት አይበልጥም።

አገር ቤት፣ ዱባይም ሆነ ቴል አቪቭ ያላችሁ፣ በዙም ስለሚያስተምሩ የሰዓት ልዩነቱን ብቻ ተነጋገሩ። በአንድ ጊዜ የሚይዙት ጥቂት ሰው ነው፤ ሁለተኛው ዙር ሲቃረብ ቦታ አይኖራቸውም። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ስትጽፉልኝ የት ልታመለክቱ እንዳሰባችሁና ማመልከቻው የሚዘጋበትን ቀን ጨምሩበት። መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።